ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይጻፉ፦ የዊንዶውስ «ኔትወርክ ሪሴት»

«እማዬ፣ የእኔ ስልክ እኮ ይሠራል» አለኝ ልጄ፣ የዋይፋይ ሳጥኑን ለሦስተኛ ጊዜ ከሶኬት ስነቅለው እያየ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም እንደቆየሁ የገባኝ ያኔ ነው። ሳጥኑ ጤነኛ ነው፣ መስመሩም አለ፤ የታመመው የእኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ የምትታየው የዋይፋይ ምልክት ጠፍታ፣ በቦታዋ የክልከላ ምልክት የተለጠፈባት ትንሽ ሉል ተቀምጣለች።

የምተዳደረው ቤቴ ተቀምጬ ሰነድ በመተርጎም ነው። ያን ቀን ማታ መላክ የነበረብኝ 64 ገጽ ነበር። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ነጻ የቪፒኤን ፕሮግራም (የኢንተርኔት ግንኙነትን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ) ጭኜ፣ ቀርፋፋ ስለሆነብኝ አጥፍቼው ነበር። እንግዳው ሄደ ብዬ በሩን ዘጋሁ፤ ለካ ጓዙን ትቶ ነው የሄደው።

የኔትወርክ ቅንብሩን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ወደሚመልሰው «ኔትወርክ ሪሴት» በቀጥታ አልሮጥኩም፣ በዚህም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የትእዛዝ መስጫውን ጥቁር መስኮት ከፍቼ «አይፒኮንፊግ» (ipconfig) ብዬ ጻፍኩ። የኮምፒውተሬ አድራሻ ሆኖ የወጣው ቁጥር በ169.254 ይጀምራል። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ኮምፒውተር ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ሳጥኑን «አድራሻ ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ግን ከዚህ የቁጥር ክልል አንዱን አንሥቶ ለራሱ ይሰጣል። ስም የሚያወጣለት ያጣ ሰው ለራሱ ስም እንደሚያወጣው ማለት ነው። ስሙ አለ፣ የሚጠራው ግን የለም።

የእርስዎ ኮምፒውተር እንደ 192.168 ባለ ቁጥር የሚጀምር ደህና አድራሻ ካሳየ ግን ሌላ ነገር ይሞክሩ። እዚያው ጥቁር መስኮት ላይ «ፒንግ» (ping) በምትባለው፣ ሌላ ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደሆነ በምትጠይቀው ትእዛዝ 8.8.8.8ን፣ ማለትም የጉግልን አንድ አድራሻ ይጥሩ። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ የድረ ገጽ ስም ሲጠሩ ዝም ካለ፣ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። የዲኤንኤስ ቅንብሩን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ወይም ኮምፒውተሩ ያጠራቀማቸውን የድሮ የዲኤንኤስ መልሶች ማጽዳት ይበቃል። ለዚህ ሲባል መላውን የኔትወርክ ቅንብር ማፍረስ አይጥ በበላ ዳዋን መምታት ነው።

ከዚያ የድሮውን መድኃኒት ሞከርኩ፦ «ኔትሽ ዊንሶክ ሪሴት» (netsh winsock reset)። ይህች ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ የመጣች አንጋፋ ናት። ዊንሶክ ፕሮግራሞች ወደ ኔትወርክ የሚወጡበት በር ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች በዚህ በር ላይ የራሳቸውን ቀለበት በሰንሰለት መልክ ማስገባት ይችላሉ፤ አንዱ ቀለበት በግድ ሲነቀል ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ በሩም ይዘጋል። ትእዛዟ ሰንሰለቱን ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ትመልሳለች። ጥቁሩን መስኮት በአስተዳዳሪ ሥልጣን ካልከፈቱት አትሠራም፣ ከዚያም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል። ሁሉንም አደረግሁ። ሉሏ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። የእኔ ብልሽት ሰንሰለቱ ላይ አልነበረማ።

የቀረኝ እንግዲህ «ኔትወርክ ሪሴት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የመጣ መሣሪያ ነው። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»ን ከፍተው «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ ይገባሉ፣ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫናሉ፣ እዚያ ያገኙታል። በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ስታተስ» ከሚለው ገጽ ግርጌ ተደብቋል። የሚሠራው ሥራ ቀላል ግን ጨካኝ ነው፦ የኔትወርክ ካርዶቹን (ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ የሚያገናኙትን ክፍሎች) ሁሉ ከነቅንብራቸው ከዊንዶውስ መዝገብ ነቅሎ ያወጣል፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ አዲስ እንደተገዙ አድርጎ ይተክላቸዋል። ቪፒኤኑ ትቶት የሄደው የውሸት ካርድና በእውነተኛው ካርድ ላይ የለጠፈው ማጣሪያም በዚሁ ተጠርጎ ወጣልኝ።

«ሪሴት ናው» የሚለውን ስትጫኑ አንድ ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጠፋ ያስታውቃል። አምስቱ ደቂቃ የተከፈተ ሥራን ለማስቀመጥ የተሰጠ ጊዜ ነው። እኔ ግን ትርጉሜን አስቀምጬ ስለነበር ተቀምጬ ሰዓት ቆጠርኩ።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። የዋይፋዮቹ ስም ተደርድሮ መጣ፤ የእኛንም አየሁት፣ ተጫንኩት፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሪሴቱ የተቀመጡ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎችን ሁሉ ይረሳል። እኔም ረስቼዋለሁ። በሳጥኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ከሁለት ዓመት በፊት ራሴ ቀይሬዋለሁ፣ የቀየርኩትን የጻፍኩበትን ደብተር ደግሞ እግዚአብሔር ይወቀው። ያዳነኝ ያው ልጄ ነው። ስልኩ ላይ የዋይፋይ ማጋሪያውን ከፍቶ፣ ከአራት ማዕዘኗ ኮድ ሥር የተጻፈውን የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል አነበበልኝ። ይህን ከመጫኔ በፊት ባደርገው ኖሮ ግንባሬ ላይ ላብ አይወጣም ነበር።

አድራሻው አሁን በ192.168 የሚጀምር ሆነ። ሉሏም ሄደች። ደስታዬ ግን ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ «ፒንግ» መልስ እየሰጠ የድረ ገጽ ማሰሻው አንድም ገጽ አልከፍት አለ። ስፈልግ የፕሮክሲ ቅንብሩ፣ ማለትም የማሰሻውን ጥያቄ በአማላጅ በኩል የሚያሳልፈው፣ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፦ 127.0.0.1፣ ፖርት 8080። 127.0.0.1 ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ነው። ማሰሻው እያንዳንዱን ጥያቄ እዚያው ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ቪፒኤን ግን ቤቱን ከለቀቀ ሁለት ቀኑ። ይህን ሪሴቱ አልነካውም። የካርዶች ጥገና እንጂ የማሰሻ ጥገና አይደለምና አልፈርድበትም። ማብሪያ ማጥፊያዋን ዘጋሁ፣ ገጹ ተከፈተ፣ 64ቱ ገጽ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሲሆን ተላከ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የገባውን ቃል ያለ ማጭበርበር ይፈጽማል፣ ከሌላ ቦታ የሚጫን ነገር የለውም፣ የትእዛዝ ቃል ማስታወስ ለሚፈራ ሰውም ይመቻል። አንድ ተኩሉን የቀነስኩት ስለማይመርጥ ነው። አንዱ ካርድ ብቻ ታሞ ሁሉንም ይነቅላል። በእጅ የተሰጠ ቋሚ አድራሻና የዲኤንኤስ ቁጥር ካለዎት ይጠፋል፤ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ካለዎት እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነማ ባለሙያውን ሳይጠይቁ ባይነኩት ይሻላል። ችግሩ ከመፈጠሩ በፊት የተቀመጠ የመመለሻ ነጥብ (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ) ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ በእሱ ቢሞክር አይከፋም፤ እኔ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ቀረ። በማግስቱ ማተሚያ ማሽኔ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተያይ አለ። ሪሴቱ የቤቴን ዋይፋይ እንደማያውቀው የሕዝብ ቦታ ቆጥሮ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦታል፤ በዚህ አመዳደብ ኮምፒውተሩ ከሌሎች መሣሪያዎች ራሱን ይሸሽጋል። ወደ «ፕራይቬት» ቀየርኩት። ወጥ ቤት ደርሼ ሳልመለስ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ፣ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ተራ ሲጠብቁ የነበሩትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ይተፋ ጀመር፤ ተስፋ ቆርጬ አራት ጊዜ ያዘዝኩት ያው አንድ ገጽ አራቴ ወጣ።