ከ11 ወር በኋላ፦ ኦል ቴሬይን ጎማ በባህር ዳርቻ መንገድ

የምመላለስበት መንገድ 140 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባህሩን በቀኝ ይዤ እሄዳለሁ፣ በግራ ይዤ እመለሳለሁ። ካርታ ላይ ስታዩት አንድ ቀጭን መስመር ነው። ጎማ ስር ሲገባ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ደህና አስፋልት አለ። ቀጥሎ ልጥፍ በልጥፍ የሆነ አሮጌ አስፋልት ይመጣል። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ፒስታ። ከፒስታው ወዲያ ነፋስ አሸዋ እያመጣ የሚከምርበት ሜዳ አለ። በመጨረሻ ገደሉን ተደግፎ የሚወርድ ጠመዝማዛ አስፋልት ነው፤ ማዕበል ሲበረታ የባህሩ ውሃ እላዩ ላይ ይረጫል።

ይህን ሁሉ የምሄደው በአንድ ጎማ ነው።

ቀድሞ የነበረኝ ለአስፋልት የተሠራ ጎማ ነበር። ድምፅ የሌለው፣ ለመሪ የሚታዘዝ፣ ጥሩ ጎማ። ፒስታው ላይ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ጎኑን ድንጋይ ቀደደብኝ። የጎማ ጎን ከተቀደደ ደግሞ አይለጠፍም፣ ይጣላል። ሦስተኛው የተቀደደው በምሽት ነው። ጭጋግ ነበር፣ መንገዱም ትከሻ የለውም። ክሪኩን ከመኪናው ስር እያስገባሁ ሳለ አንድ የጭነት መኪና በአጠገቤ አለፈ። ያስነሳው ነፋስ ከተንበረከክሁበት ሊጥለኝ ምንም አልቀረው። እዚያው እንዳለሁ ጎማውን ለመቀየር ወሰንኩ።

የገዛሁት ኦል ቴሬይን የሚባለውን ነው። መጠኑ 265/65 አር 17፣ ስኮርታውን ጨምሮ 5 ፍሬ። ብራንዱን አልጠራም፤ የምጽፈው አብዛኛው ነገር የጎማውን ዓይነት የሚመለከት ነውና። አሁን 11 ወር ሆኖታል፣ 19,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ለፒክአፕና ለመሰል መኪኖች በብዛት የሚሸጠው ጎማ ሦስት ዓይነት ነው። ሃይዌይ ቴሬይን ለአስፋልት ነው። መድ ቴሬይን ለጭቃ ነው፤ ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ፣ አስፋልት ላይ ጩኸታም። ኦል ቴሬይን በሁለቱ መሃል ነው። የእኔዎቹ ጎናቸው ላይ «ኤልቲ» የሚል ምልክት አለባቸው፣ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠሩ ማለት ነው። ጎናቸው ወፍራምና ጠንካራ ነው። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ታዲያ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከተራው ጎማ ትንሽ ከፍ ያለ ነፋስ ይፈልጋሉ። በበሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ መሙላት አይበቃም።

የመጀመሪያው ወር ደስ አላለኝም። ከ70 በላይ ስሄድ ከስር እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ ይመጣል። መሪው ትንሽ ዘገምተኛ ሆነብኝ። ነዳጅም በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ጨመረ፤ ጎማው ከቀድሞው ይከብዳል፣ ሲሽከረከርም ይበልጥ ይጎትታል። ድምፁን ለመድኩት። ነዳጁን አልለመድኩትም፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

ፒስታው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተቀየረ። ያ መንገድ ዝናብ ካቆመ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። ጎማ ጠጠር ላይ ፈጠን ብሎ ሲሄድ ትንሿን እብጠት ዘሎ ያርፋል፤ ያረፈበትን ይጎደጉዳል፣ ጠጠሩን ወደፊት ይከምራል፣ የሚቀጥለው መኪና ደግሞ ያንኑ ያሰፋዋል። ቀስ በቀስ መንገዱ በሙሉ ሞገድ ይሆናል። እዚያ ላይ አደጋው መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። ጎማው ግማሹን ጊዜ አየር ላይ ስለሆነ ፍሬንም መሪም በግማሽ ጉልበታቸው ነው የሚሠሩት። ኩርባ ላይ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ሲንሸራተት የሚሰማችሁ ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ነፋስ መቀነስ ነው። በ11 ወር የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ጎማውን የሚቀይረው የነፋሱ መጠን ነው። ባዶ መኪና ይዤ አስፋልት ላይ በ36 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) እሄዳለሁ። ፒስታው መግቢያ ላይ ቆሜ ወደ 28 አወርደዋለሁ። መንቀጥቀጡ ወዲያው ይለዝባል፤ የዳሽቦርዱ ጩኸት ይቀንሳል፤ ኩርባው ላይ ኋላው ይረጋል። የቀነሰ ጎማ ድንጋይን ተጠቅልሎ ያልፋል፣ ውጥር ያለ ጎማ ግን ይጋፈጠዋል። በእርግጥ ነፋስ ከተቀነሰ ፍጥነትም መቀነስ አለበት። ጎማው ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይሞቃል፣ ጎኑም ለድንጋይ ይጋለጣል። እኔ እዚያ ላይ ከ50 አላልፍም።

በ19,000 ኪሎ ሜትር አንድም ጎን አልተቀደደም። ሁለት ጊዜ ሚስማር ገብቶበት ጎሚስታ ጋ ተለጥፏል፤ እሱ የማንም ጎማ ዕጣ ነው። የጥርሶቹ ጠርዝ ግን በጠጠር ተበልቷል። ጎንበስ ብላችሁ በእጃችሁ ብትዳስሱት ትንንሽ ቁርጥራጭ የወጣበት ቦታ ታገኛላችሁ። አያሰጋም፣ ግን ይታያል።

አሸዋው ሌላ ታሪክ አለው። ነፋስ አስፋልቱ ላይ የሚበትነው ስስ አሸዋ ከወፍራሙ ይልቅ ያታልላል። ወፍራሙን ከሩቅ ታዩታላችሁ፣ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ። ስሱ ግን በጠራራ ፀሐይ አስፋልቱን ይመስላል። ጠንካራ ወለል ላይ ያለ አሸዋ እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል፤ ጎማው አስፋልቱን ሳይነካ በላዩ ይንሳፈፋል። እዚያ ላይ ኦል ቴሬይን ሆነ ሌላ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። እኔ ከሜዳው በፊት እቀንሳለሁ፣ መሪውን አቀናለሁ፣ አሸዋው ላይ እያለሁ ፍሬን አልነካም።

ወፍራሙ አሸዋ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዣለሁ። ከፊቴ የመጣ መኪና ለማሳለፍ ወደ ዳር ወጣሁና ሁለቱ የቀኝ ጎማዎች እስከ ቸርኬው ሰመጡ። ነዳጅ መስጠቱ ይበልጥ እንደሚቀብረኝ ስለማውቅ ሞተሩን አጠፋሁ። አራቱንም ጎማ ወደ 18 ፒኤስአይ አስተነፈስኩ። የቀነሰ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፤ እንደ ሰንሰለት ጎማ ረጅም ሆኖ አሸዋው ላይ ይተኛል። ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ በእጄ ጠርጌ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ስለቅ ወጣ። ከዚያ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰሬን ባትሪው ላይ አሰርኩ። አንዱን ጎማ ከ18 ወደ 36 ለመመለስ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ይህን ጎማ የሚገዛ ሰው ኮምፕሬሰርና ጥሩ የነፋስ መለኪያ አብሮ ይግዛ። ያለ እነሱ የጎማውን ግማሽ ጥቅም አያገኝም።

ልኬቱም በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 1 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሲነዱት ደግሞ ሞቆ 4 ወይም 5 ይጨምራል። መንገድ ላይ ለክቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ያድራል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። እርጥብ አስፋልት ላይ ይህን ጎማ አላምነውም።

ሁለት ወር ጠብ ሳይል ቆይቶ የመጀመሪያው ካፊያ የወረደ ቀን ነው። ገደሉን ተደግፎ የሚወርደው አስፋልት ላይ ነበርኩ፣ በ60 ገደማ። ኩርባውን ስጨርስ ከላይ የተንከባለለ፣ ኳስ የሚያክል ድንጋይ መሃል መንገድ ላይ ተቀምጧል። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ስር ተንቀጠቀጠ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ እየሠራ ነው፤ መኪናው ግን እየሄደ ነው። የቆምኩት ድንጋዩ ጋ ለመድረስ ሁለት ክንድ ሲቀረኝ ነው። ልቤ እየደለቀ መኪናዬን ዳር አስያዝኩና ወርጄ ድንጋዩን በሁለት እጄ ገፍቼ ከመንገዱ አስወጣሁት። አስፋልቱን በጣቴ ስነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው መንገዱ ነው። በደረቁ ወራት የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ በመጀመሪያው ዝናብ ተነስቶ ይላቁጣል። በዚያ ላይ የባህሩ ጨው አለ። ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ ስቦ ይሟሟል። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም እንኳ ማዕበል የረጨው አስፋልት ንጋት ላይ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ገርሞኝ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ መንገዱ ያብረቀርቃል። ሁለተኛው ምክንያት ጎማው ነው። ጥርሶቹ ክፍተት ስላላቸው አስፋልቱን የሚነካው ጎማ ያንሳል። ድንጋይ እንዳይቆርጠው የተቀመመው ጠንካራ ጎማም እርጥብ ላይ እንደ ለስላሳው አይዝም። የተኛ ውሃ ላይ ግን ፍርዴ ይለያል። ጥልቅ ጥርሱ ውሃውን ወደ ጎን ስለሚያወጣ ኩሬ ላይ ከቀድሞው ጎማዬ በተሻለ መሬት ይዞ ያልፋል። የሚያስቸግረው ስሱ እርጥበት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቁልቁለት በ40 ነው የምወርደው።

ስለ ጨው ካነሳሁ ቫልቮላውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በስድስተኛው ወር የኋላ ግራው ጎማ በሳምንት 3 ፒኤስአይ ይቀንስ ጀመር። ሚስማር የለም። ልለካው ስል የቫልቮላው ክዳን እምቢ አለ። ክዳኑ ብረት ነው፣ ቫልቮላው አሉሚኒየም፤ በመሃላቸው ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ሞልቷል። በፒንሳ ይዤ ትንሽ ባዞረው ቫልቮላው ከአንገቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ነፋሱ ፊቴ ላይ እያፏጨ ወጣ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው የጨው ውሃ ሲገባባቸው አንደኛው ሌላውን ያስበላዋል። እዚህ የተበላው አሉሚኒየሙ ነበር።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያወጣው ደግሞ የፍሰቱ ምክንያት ተገኘ። ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ከንፈር ላይ ያው ነጭ ዝገት አብጦ ጎማውን በስሱ አንስቶታል። በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ተጠረገ፣ ተመልሶ ገባ። አራቱንም ቫልቮላ በጎማ ቫልቮላ፣ ክዳኖቹንም በፕላስቲክ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ አልቀነሰም። ይህ የጎማው ጥፋት አይደለም፣ ግን በባህር ዳርቻ ለሚነዳ ሰው የጎማው ወጪ አካል ነው። ከጉዞ መልስ ቸርኬዎቹንና የመኪናውን ሆድ በንጹህ ውሃ አጥባለሁ። ጎማ በተፈታ ቁጥርም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄድኩ በኋላ ዳዶዎቹን መልሼ በቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ አያለሁ።

ስለ ጎን ነፋስ አንድ ነገር ብቻ ልበል። መንገዱ ተራራ ተቆርጦ ካለፈበት ቦታ ወደ ክፍት ዳርቻ ብቅ ስትሉ ነፋሱ በድንገት ይገፋችኋል። በዚህ ጎማ መሪው ስለሚዘገይ ማስተካከያው ትንሽ ይረፍዳል። ሁለት እጅ መሪ ላይ፣ ፍጥነትም ቀደም ብሎ መቀነስ ያስፈልጋል። በባህሩ በኩል ደግሞ አስፋልቱ ላይ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ ካያችሁ ከዚያ ጠርዝ ራቁ። ማዕበል ከስር አፈሩን እየበላው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ጎማ አያድነውም።

እንግዲህ ይግዛ ወይስ አይግዛ ለሚል ሰው፦ ከመንገዳችሁ ሩብ ያህሉ ፒስታ ከሆነ ያለ ማመንታት ግዙ። ሙሉ በሙሉ አስፋልት ከሆነ፣ በተለይም ዝናብ የሚበዛበት ከሆነ፣ የአስፋልቱ ጎማ ይሻላችኋል። ስትገዙም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ። መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ጎማው አዲስ አይደለም።

አዲስ ሳለ ጥርሱ 12 ሚሊ ሜትር ነበር። ትናንት ስለካው የፊቶቹ 8.5፣ የኋላዎቹ 9 ናቸው። በብዙ አገር ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 1.6 ነው፣ እኔ ግን እርጥቡን ቁልቁለት እያሰብኩ 4 ላይ ሲደርስ ልቀይረው ነው። በየ8,000ው ኪሎ ሜትር ቦታ አቀያይራቸዋለሁ። የሚቀጥለው ዙር 24,000 ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ስኮርታውንም ከተሰቀለበት አውርጄ ወደ ሥራ አስገባዋለሁ።