2 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከ14 ወር በኋላ፦ ዲፍራግ እምቢ ሲል

ዲስኩ 2.5 ኢንች፣ 2 ቴራባይት፣ በዩኤስቢ 3.0 የሚሠራ፣ ገበያ ላይ በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለቪዲዮ ስቱዲዮ ነው የሚያገለግለው። የሠርግ ጥሬ ቀረጻ ይገባበታል፣ ሥራው አልቆ ባለቤቶቹ ሲረከቡ ይጠፋል፣ በባዶው ቦታ ሌላ ሠርግ ይተካል። ለሃርድ ዲስክ ከዚህ የባሰ ልማድ የለም። ክፍት ቦታው እየተቦጫጨቀ ይሄድና አዲስ የሚገባው ፋይል በየስርቻው ተበታትኖ ይቀመጣል።

ዕቃው እስካሁን ጤነኛ ነው። ያስቸገረው ዲፍራጉ፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ቁራጮችን አንድ ላይ የሚሰበስበው ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ አልነበረም።

አዲስ ሳለ ትልልቅ ፋይል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ይጽፍ ነበር። ስምንተኛው ወር ላይ ወደ 35 ወረደ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ ዲፍራግ ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ኬብሉ ነው። የነዚህ ዲስኮች ኬብል በዲስኩ በኩል ያለው ሰፊው ጫፍ ቶሎ ይላላል። በደንብ ካልገባ ወይም ከተጣመመ ዲስኩ ሳይጠፋ በዩኤስቢ 2.0 መሥራቱን ይቀጥላል፣ የዩኤስቢ 2.0 ትክክለኛ ፍጥነት ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተቸክሎ አልነቃነቅ ካለ ዲስኩን ከመውቀስ በፊት ኬብል ቀይሩ፣ ፖርትም ቀይሩ። የድሮ ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን የ3.0 ፖርት ግን 900 ይሰጣል። ኃይል ሲያንሰው ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይልና ራሱን እየነቀለ ይሰካል፤ በዚህ ሁኔታ የተጀመረ ዲፍራግ አያልቅም። እዚህ ላይ አጭር ኬብል ከረጅም ይሻላል።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ዊንዶውስ ላይ ኦፕቲማይዝ (ዊንዶውስ ዲፍራግን የሚጠራበት ስም ነው) ሲባል ወዲያው የሚያቆም ከሆነ፣ ዲስኩ ላይ የስህተት ምልክት ተደርጎበት ይሆናል። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ወይም ዲስኩ እየሠራ ስለሚነቀል የሚመጣ ነው። ምልክቱ እስካልተነሳ ድረስ ዲፍራግ ዲስኩን አይነካም። ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍቶ ሲ ኤች ኬ ዲ ኤስ ኬ፣ ስፔስ፣ የዲስኩ ፊደል ከነኮለኑ፣ ስፔስ፣ ስላሽ ኤፍ ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህ ቼክዲስክ የሚባለው ስህተት ማረሚያ ነው። ስላሽ አር የሚባለው እያንዳንዱን ሴክተር (የዲስኩን ትንሽ ክፍል) ስለሚያነብ በ2 ቴራ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። እሱን ባክአፕ በሌለው ዲስክ ላይ አትሞክሩት።

ቀጥሎ ያለው የቦታ ጉዳይ ነው። ዲፍራግ በአግባቡ እንዲሠራ 15 በመቶ ነፃ ቦታ ይፈልጋል። 2 ቴራ ተብሎ የተሸጠው ዊንዶውስ ላይ 1,863 ጊጋ ስለሆነ፣ ወደ 280 ጊጋ መለቀቅ አለበት ማለት ነው። የኛው ዲስክ 90 ጊጋ ቀርቶት ነበር ዲፍራግ የተባለው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ለውጥ አልነበረውም። በዚያ ላይ ዲስክ ሲሞላ ጽሑፉ ወደ ውስጠኛው ክብ ስለሚገባ ፍጥነቱ በተፈጥሮው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ይህን ዲፍራግ አይመልሰውም።

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መሃል ላይ የሚያቋርጠው እንቅልፍ ነው። ክዳኑ ሲዘጋም ሆነ ስሊፕ ሲገባ ሥራው ይቆማል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ስሊፕን ኔቨር፣ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድን ዲሴብልድ ማድረግ ይበቃል። ሳምንታዊው አውቶማቲክ ዲፍራግ በባትሪ ላይ እንደማይጀምርም ይታወቅ። መብራት ሲቆራረጥ በሚከርምበት ሳምንት ዲፍራጉ ሳይሠራ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ዊንዶውስ ተንትኖ 0 በመቶ ተበታትኗል ካለ ውሸቱን አይደለም፤ ከ64 ሜጋባይት በላይ የሆነን ቁራጭ እንደ ተበታተነ አይቆጥረውም። ይህ ደግሞ ልክ ነው። 20 ጊጋ የሆነ አንድ የሠርግ ቪዲዮ 300 ቦታ ቢቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ 68 ሜጋ ይሆናል። የዲስኩ ራስ (የሚያነበውና የሚጽፈው ክፍል) ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ለመዝለል 15 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ድምሩ አራት ሰከንድ ተኩል ነው፤ በ20 ጊጋ ላይ ማንም አያስተውለውም። የሚጎዳው በሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው፦ ፎቶዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የሚፈለፍለው ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ፋይል። ካሹ ወደ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ማከማቻ) ሲዛወር ግማሹ ችግር አብሮ ሄደ። ለኤስኤስዲው ዲፍራግ አያስፈልግም፤ ዊንዶውስም የሚልክለት ትሪም የሚባለውን፣ የትኛው ቦታ ነፃ እንደሆነ የሚነግረውን ትዕዛዝ ነው።

ሌላው፣ የዚህ መጠን ብዙዎቹ ትንንሽ ዲስኮች ትራኮቻቸው (ጽሑፉ የሚሰፍርባቸው ክብ መስመሮች) እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረቡ ናቸው። መሃል ያለውን አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር የላዩን እንደምታነሱት ሁሉ፣ ዲስኩም ትንሽ ነገር ለመቀየር ጎረቤቱን አንብቦ እንደገና ይጽፋል። ዲፍራግ ማለት ደግሞ ይህንኑ ሺህ ጊዜ ማስደረግ ነው። ለዚህ ነው ሰዓታት ፈጅቶ ካለቀ በኋላም ዲስኩ ለጊዜው የሚንፏቀቀው። በእኛ ግምት ለእንዲህ ያለ ዲስክ መድኃኒቱ ዲፍራግ ሳይሆን አውጥቶ መመለስ ነው፦ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ፣ የፋይሉን ብዛትና መጠን ማመሳከር፣ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ክዊክ ፎርማት ባዶ ማድረግ፣ ከዚያ ትልልቁን አስቀድሞ መመለስ። 1.2 ቴራ በ100 ሜጋ ፍጥነት በአንድ ጎን ሦስት ሰዓት ከሃያ ይፈጃል፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ አምስት ሰዓት ያዙ። በዓመት አንዴ በቂ ነው።

ኬብሉም ቦታውም ተስተካክሎ፣ ዲፍራጉ አንድ ቁጥር ላይ ደርቆ ዲስኩ በየተወሰነ ሰከንድ ጠቅ እያለ ከቀረ ግን አቁሙ። የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው መስመር (ማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች ብዛት) ከ0 ከበለጠ፣ ዲፍራግም ቼክዲስክም ሳይነካው መጀመሪያ የማይተካውን ኮፒ ማድረግ ነው። ሲአርሲ ኤረር (መረጃ ሲተላለፍ የሚፈጠር ስህተት) ብቻ ከጨመረ ወደ ኬብሉ ተመለሱ።

ስለ አገራችን አየር፤ የዲስክ ራስ ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። የአብዛኞቹ አምራቾች ወረቀት ለሥራ የሚፈቅደው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት። ጣርማ በርን አልፎ ወደ መንዝ ለሚወጣ፣ በተለይ ጓሳ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ለሚቀርጽ ግን ይህ ዲስክ አይመከርም፤ ኤስኤስዲ ይያዝ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ መኪና ውስጥ ያደረን ዲስክም ቤት አስገብቶ አንድ ሰዓት ሳያቆዩ አይሰካም፤ የቀዘቀዘ ብረት ሙቅ ክፍል ሲገባ ያልበዋል። ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ዲፍራግ ዲስኩን ሲያሞቅ ይቆያልና 50 ዲግሪ ካለፈ ማቋረጥ ይሻላል። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ፍራሽ ላይም ጋቢ ውስጥም አይደለም።

በ14 ወር ውስጥ የተቀየረው አንድ ኬብል ብቻ ነው። ፔንዲንግ ሴክተሩ አሁንም 0 ነው። ለባክአፕና ላለቀ ሥራ ማከማቻ ደግመን እንገዛዋለን፤ በቀጥታ ኤዲት ለማድረግ ግን አንገዛውም።