በዲሲ ቀያይ ብስክሌቶች የአንድ ቀን ጉብኝት፦ ምን ያዋጣል፣ ምን ያከስራል

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የተደረደሩትን ቀያይ ብስክሌቶች ጠዋት አውጥቶ ማታ ሊመልስ ያሰበ ሰው ይከስራል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የብስክሌት ኪራይ፣ ካፒታል ባይክሼር፣ የተዘጋጀው ለአጫጭር ጉዞ ነው። ከአንዱ ጣቢያ ያወጣሉ፣ ሐውልቱ አጠገብ ባለው ጣቢያ ይቆልፋሉ፣ አይተው ሲጨርሱ ሌላ ያወጣሉ። የቀን ማለፊያ የገዛ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተራውን ብስክሌት የፈለገውን ያህል ጊዜ ያወጣል፤ አንዱ ጉዞ 45 ደቂቃ ካለፈ ግን ትርፉ በደቂቃ ይታሰባል። የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ሒሳብ ግን ማለፊያ ቢኖርም ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ይጀምራል። ታሪፉ ስለሚቀያየር መተግበሪያውን በዚያው ዕለት ማየት ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስለማይፈቀድ፣ ከነልጆቹ ለሚወጣ ቤተሰብ የግል አከራይ ይሻላል።

ተራው ብስክሌት ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ክብደቱ አይሰማም፤ ዳገት ላይ ግን ይታወቃል። ማርሹ በቀኝ እጅ መያዣው ላይ እየተጠመዘዘ ይቀየራል። መብራቱ ጎማው ሲዞር ራሱ ስለሚበራ ቻርጅ አያስፈልገውም። የፊቱ ዕቃ መያዣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ስልክና ውሃ መያዣ በላስቲኩ ሾልከው ይወድቃሉ፤ ሁሉን በአንድ ቦርሳ ከትቶ ላስቲኩን በላዩ መወጠር ነው መፍትሔው። ተራው ብስክሌት የራሱ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ሙዚየም በር ላይ አስደግፎ መግባት የለም፤ ቢጠፋ ተጠያቂው ያወጣው ሰው ነው፣ ክፍያውም ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

ከማውጣትዎ በፊት ግማሽ ደቂቃ ይስጡት። ጎማውን በአውራ ጣት ይጫኑ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይጭመቁ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ። ኮርቻው ወደ ኋላ ዞሮ ካገኙት ከእርስዎ በፊት የነዳ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ምልክት ትቶልዎታልና ይለፉት። የኮርቻው ዘንግ ላይ ቁጥር አለ። መጀመሪያ ያስተካከሉበትን ያስታውሱት፤ በቀን ስድስት ጊዜ ብስክሌት ለሚቀይር ሰው ይህች ቁጥር ጉልበት ታድናለች። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ኮርቻውን ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት።

ገንዘብ የሚበላው መመለሱ ላይ ነው። ጎማውን ወደ መቆለፊያው በኃይል ገፍተው አረንጓዴ እስኪበራ ይጠብቁ፣ ከዚያ አንዴ ይጎትቱት። ካልያዘ ጉዞው አላለቀም፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። መተግበሪያው «ጉዞ ተጠናቋል» ሳይል ከቦታው አይራቁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከካፒቶል (ከኮንግረሱ ሕንፃ) እስከ ሊንከን መታሰቢያ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ያውም ሜዳ ነው። በመሃል በተዘረጋው ሰፊ ሣር፣ በናሽናል ሞል፣ ግራና ቀኝ ያሉት የእግረኛ መንገዶች ጠጠር ስለሆኑ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዙ የፊት ጎማው ይንሸራተታል። በአስፋልት መሄድ ለሚመርጥ፣ ማዲሰን ድራይቭ ወደ ምዕራብ፣ ጄፈርሰን ድራይቭ ወደ ምሥራቅ ብቻ ያስኬዳሉ። ዋሽንግተን ሐውልት ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ይዩ፤ 46 ሜትር ገደማ ላይ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ግንባታው በገንዘብ እጦትና በጦርነት ለዓመታት ተቋርጦ ሲቀጥል እብነ በረዱ ከሌላ የድንጋይ ካባ መጣ።

ጄፈርሰን ድራይቭና 14ኛው ጎዳና ጥግ ያለው ጣቢያ ለሙዚየሞቹም ለሐውልቱም ቅርብ በመሆኑ ቱሪስት ይሻማበታል፤ ፀሐያማ ቅዳሜ ከሰዓት ወይ ባዶ ወይ ሙሉ ነው። በሥራ ቀን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሰዉ ጠዋት ከሰሜኑ ከፍታ ወደ መሃል ከተማ ቁልቁል ይነዳና ማታ በአውቶቡስ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋት ላይ የሰፈር ጣቢያዎች ይራቆታሉ፣ የመሃል ከተማዎቹ ይጨናነቃሉ። ሙዚየሞቹ አብዛኞቹ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10፡00 ስለሚከፈቱ፣ በር የሌላቸውን ሐውልቶች በማለዳ መጨረስ ነው የሚያዋጣው።

ከሊንከን ወደ ጄፈርሰን መታሰቢያ ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ የማርቲን ሉተር ኪንግን (በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተ) እና የሩዝቬልትን (በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተ) መታሰቢያዎች ያሳያል፤ ለሁለቱ የሚያገለግል ጣቢያ ኦሃዮ ድራይቭ ላይ አለ። መታሰቢያዎቹ የከበቡት የታይዳል ቤዚን ኩሬ ዳርቻ ግን ጠባብ ነው፤ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ሕዝቡ ብስክሌት አያሳልፍም። ረጅሙ ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙር ሲሆን ከቀኑ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው፦ በአርሊንግተን ድልድይ የፖቶማክን ወንዝ ይሻገራሉ፣ በማውንት ቨርነን የብስክሌት መንገድ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው ግራቭሊ ፖይንት ፓርክ ላይ አውሮፕላን ከራስዎ በላይ ሲያርፍ ያያሉ፣ ጥቂት ተመልሰው በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ጄፈርሰን ይገባሉ። ከአርሊንግተን ድልድይ ማዶ የመኪናው መንገድ ማቋረጫ ላይ ይቁሙ፤ እዚያ አሽከርካሪው ዓይኑ መኪና ላይ እንጂ እርስዎ ላይ አይደለም። መሃል ላይ ጣቢያ እንደሌለ ቆጥረው 45 ደቂቃውን ያስሉ። አውሮፕላን እያዩ መቀመጥ የፈለገ ትርፉን ይክፈል፣ ያስቆጫል ብለን አናምንም።

ፔንስልቬንያ አቬኑ ላይ የብስክሌቱ መስመር በመንገዱ መሃል ነው፤ እይታው ግሩም ነው፣ አደጋው በድንገት ወደ ኋላ የሚዞር መኪና ነው። በመሃል ከተማ በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል መሆኑን ብዙ እንግዳ አያውቅም።

ሲርብዎት ከፔንስልቬንያ ወደ 9ኛው ጎዳና ይታጠፉ። ከመኪና የተከለለው መስመር በቀጥታ ወደ ዩ ስትሪት፣ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ያወጣል፤ ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ዳገቱም ለስላሳ ነው። በ15ኛው ጎዳና የመጣ ግን ዩ ስትሪት ላይ ይታጠፍ፤ ከዚያ በላይ እስከ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ያለው አቀበት በዚያ ክብደት ከክትፎ በፊት የሚሞከር አይደለም፣ ከክትፎ በኋላማ ጨርሶ።