ፔዳሉ ወለል ላይ ሲቀር፦ የካማሮዬ የፍሪሲዮን ኪት ከአራት ወር በኋላ

ማርሽ ሁለት ላስገባ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፤ ገባ። እግሬን ሳነሳ ፔዳሉ አብሮኝ አልተነሳም። ሞተሩ 6000 ዙር ላይ እየጮኸ ፔዳሉ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ የጫማዬን ጫፍ ከሥሩ አስገብቼ ነው ጎትቼ ያስነሳሁት። ቀስ ብዬ ስነዳ ግን ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት የኋላ ማርሽ ትንሽ ይፋጫል እንጂ ሌላ ምልክት የለውም። ለዚህ ነው አንድ ዓመት ሙሉ «ዛሬ ነገ» እያልኩ ያሳለፍኩት።

መኪናዬ የ2002 ሞዴል ካማሮ ናት፤ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ባለ ስድስት ማርሽ ቲ 56 ካምቢዮ። የአራተኛው ትውልድ የመጨረሻ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሙ እስከ 2010 ሞዴል ድረስ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ፍሪሲዮኗ በገመድ ሳይሆን በዘይት ነው የሚሠራው። ላይ ማስተር አለ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው፤ ታች ደግሞ ካምቢዮው ደወል ውስጥ (ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ሰፊ አፉ)፣ በዋናው ዘንግ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተቀመጠ ሁለተኛ ፒስተን አለ። መግፊያው ኩሽኔታ እዚያው ፒስተን ላይ ነው የተገጠመው። ችግሩም ይኸው ነው፦ ታችኛውን ለመቀየር ካምቢዮውን ከማውረድ ሌላ መንገድ የለም። የፍሪሲዮኑን ዘይት ከፍቼ ሳየው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ጣቴን ነክሬ ሳሻሸው የጎማ ፍርፋሪ አገኘሁበት። ጎሚኒው፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ እየተበላ እንደሆነ ገባኝ፤ መጠበቁም አበቃ።

የገዛሁት ሁሉንም በአንድ ሳጥን የያዘ ኪት ነው። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያለው ማስተር፣ ብረት ጥልፍ የለበሰ ቱቦ፣ ታችኛው ፒስተን ከነኩሽኔታው፣ አየር ማውጫ ረጅም ቱቦ፣ አንድ የብረት ማካካሻ ቀለበትና ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ማስተሩን በመጀመሪያ። የድሮውን ፒስተን በካሊፐር ስለካው 19 ሚሊሜትር፣ አዲሱ 22። ሦስት ሚሊሜትር ምንም ይመስላል፤ ግን የፒስተኑ ስፋት ሲሶ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ በአንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይትም በሲሶ ይበዛል። ዋጋውን የሚከፍለው ግራ ጉልበት ነው፤ ፔዳሉ ይከብዳል። ለእኔ ይህ ተስማምቶኛል። ያረጀ ጉልበት ይዞ በየቀኑ መኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ለሚቆም ሰው ግን አልመክርም። ሥራው ራሱ የሚያኮራ ነው፦ አካሉ ከአሉሚኒየም የተፈለፈለ፣ ጠርዙ ልስልስ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ጥርስ ንጹሕ። መግጠሙ ግን ማጎንበስን ይጠይቃል። ከፔዳሉ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት ዳዶዎች አሉ፤ አንገቴን መሪው ሥር አጥፌ፣ የባትሪ መብራት በጥርሴ ነክሼ ነው የፈታኋቸው።

ካምቢዮው ወደ ታች ሲመጣ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ የጭስ ማውጫው፣ ቀጥሎ ትራስሚሽኑ (ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ)፣ ከዚያ ከካምቢዮው ጭራ እስከ ዲፈረንሻል የሚዘረጋው ረጅም የብረት ክንድ። ካምቢዮው ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ያለ ካምቢዮ ክሪክ ደረታችሁ ላይ አውርዳችሁ እንዳትሞክሩት። እኔ አንድ ጊዜ ወጣት ሳለሁ ሞክሬዋለሁ፤ የጎድን አጥንቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። ዲስኩንና በክራንኩ ጫፍ ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታ አብሬ ቀየርኩ። ያን ሁሉ አውርዶ እሷን ትቶ መዝጋት ሞኝነት ነው።

አሁን ወደ ቂሜ። ካምቢዮውን ከመመለሳችሁ በፊት መለካት ያለበት አንድ ክፍተት አለ፦ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲገባ፣ በኩሽኔታው ፊትና በፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ጣቶች (ኩሽኔታው ሲገፋቸው ዲስኩን የሚያስለቅቁት የብረት ምላሶች) መካከል ያለው። መመሪያው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይላል፤ እስከዚህ ትክክል ነው። የሚለካው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከሞተሩ ፊት እስከ ጣቶቹ ጫፍ፤ ቀጥሎ ከካምቢዮው ደወል ከንፈር እስከ ኩሽኔታው። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንሱ የሚቀረው ክፍተቱ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ከንፈሩ ላይ አጋድማችሁ፣ ካሊፐሩን ወደ ውስጥ ታወርዳላችሁ። መመሪያው የትኛው ፊት ከየት እንደሚለካ አይናገርም። ሥዕሉ ደግሞ የተነሣው ከሌላ ካምቢዮ ነው፤ ቢያንስ የእኔን አይመስልም። ከሥሩ «የተካተተው ቀለበት ለሁሉም ይበቃል» የሚል መስመር ሰፍሯል።

አይበቃም። የእኔ ክፍተት 8.4 ሚሊሜትር ወጣ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። የመጣልኝ ቀለበት ውፍረቱ 2.3 ነው፤ 6.1 ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሰፊ ክፍተት ማለት ግን ፒስተኑ በየርግጫው ከሚገባው በላይ ይወጣል ማለት ነው፤ መጨረሻው ጎሚኒው ከቤቱ አልፎ ዘይቱን ደወሉ ውስጥ መትፋት ነው። ጠባብ ቢሆንስ? ዲስኩ እያለቀ ሲሄድ ጣቶቹ ወደ ኩሽኔታው ይጠጋሉ፤ ማፈግፈጊያ ካጣ ፔዳሉ ሳይረገጥ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ሁለቱም ካምቢዮውን ዳግም ያስወርዳሉ። ሁለተኛ ቀለበት ለብቻ አዝዤ፣ ካምቢዮውን ወለል ላይ አስተኝቼ፣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ሲመጣ 3.8 ላይ አረፈ። አንዲት ስስ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ለጻፍኩላቸው ደብዳቤ የመጣው መልስ ያንኑ የመመሪያ ገጽ መልሶ የላከልኝ ነው።

በሌላ በኩል፣ አየር ማውጫዋ ረጅም ቱቦ የኪቱ ምርጥ ክፍል ናት፤ ለብቻዋ ብትሸጥ ገዝቼ ለጓደኞቼ አድላት ነበር። በፋብሪካው አሠራር አየር የሚወጣበት ቡሎን ካምቢዮው ጎን ላይ፣ ከጭስ ማውጫው በላይ ተደብቆ ነው ያለው፤ እጅ ይገባል፣ ቁልፍ ግን መዞሪያ የለውም። አዲሷ ቱቦ እስከ ሞተሩ ክፍል ትመጣለች። ቆሜ፣ ጫፏን ጠርሙስ ውስጥ ነክሬ፣ የእህቴን ልጅ ሾፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«ርገጥ።»

«ረግጫለሁ ጋሼ።»

«እንዳትለቅ!» ከፈትኩ፤ አረፋው እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ ዘጋሁ። «ልቀቅ፣ ቀስ ብለህ።»

እንዲህ ስንባባል ስንት ጊዜ እንደደገምን አላውቅም፤ ልጁ ግን እስከ አርባ ቆጥሮ ተወው። ቀስ ብሎ መልቀቅ ወሳኝ ነው፤ በችኮላ ሲለቀቅ አየሩ ተበጣጥሶ ቱቦው ውስጥ ይሠራጫል። መጀመሪያ ፔዳሉ ባዶ ነበር፤ ሃያኛው ላይ ስፖንጅ ሆነ፤ ከዚያ በድንገት እግሩን መልሶ ገፋው። ልጁ «ኡ!» ሲል እኔም ከውጭ ሰማሁት።

ዘይቱ ዶት 4 ነው። የዶት 3 ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የዶት 4 ደግሞ 230 ነው። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣሉና ሲያረጁ ይወርዳሉ፦ ወደ 140 እና ወደ 155። የእኔ የጭስ ማውጫ ደወሉን ታክኮ ስለሚያልፍ ልዩነቱን ንቄ አላልፈውም። ሲሊኮኑን ዶት 5 ግን አትቀላቅሉበት። እና ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠቡ። እኔ «ቆይ» ብዬ ትቼ፣ ከባትሪው ጎን የጥፍር ስፋት ያለው ቀለም ተነሥቷል። ይህ የኪቱ ጥፋት አይደለም።

አራት ወር አለፈው፤ ከ3000 ኪሎሜትር ትንሽ በላይ ነድቻለሁ። ሁለት ወደ ሦስት በ6000 ላይ ያለ ምንም ማመንታት ይገባል፤ ፔዳሉም አብሮኝ ይነሣል። የኋላ ማርሽ መፋጨቱን ትቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ማስተሩ ላይ ቱቦው የሚገባበት ቦታ ዘይት ሲያንጠባጥብ አየሁ፤ ሩብ ዙር አጥብቄው ደረቀ፤ አምራቹ ስንት ኃይል እንደሚያስፈልግ አልጻፈም። ዘንጉንም አንድ ጊዜ አሳጠርኩት። ረዘም ብሎ ስለነበር ፔዳሉ ሳይረገጥ ማስተሩን ትንሽ ይገፋው ነበርና፣ ዘይቱ ሲሞቅ መመለሻ ያጣል። ፔዳሉን በጣት ስነካው አሁን ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር ይወዛወዛል፤ የሚፈለገውም ይህ ነው።

ለብረቱ ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ፤ ለመመሪያው ግን አንድ፣ እሱንም ወረቀቱ ካሊፐሬን ለመጥረግ ስለበጀኝ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ቀለበቶቹን ሁለት አድርጋችሁ ከመጀመሪያው እዘዙ። ትናንት የዘይቱን ክዳን ከፍቼ አየሁት፤ ከሥሩ ያለው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የእህቴ ልጅ ደግሞ አርባ ጊዜ ለረገጠበት ደመወዝ እንዲሆነው አንድ ዙር መንዳት አለብኝ ብሎ ቁልፉን ይጠይቀኛል።