ደብረ ብርሃን በዋይፋይ፣ አንኮበር በሲም፦ ላፕቶፕ ይዞ ሰሜን ሸዋ ለሚገባ እንግዳ

ደብረ ብርሃን ያረፍንበት ሆቴል ዋይፋይ ጠዋት ጥሩ ነው፤ የቪዲዮ ጥሪ ሳይቆራረጥ ያስጨርሳል። ማታ እንግዳው ሲበዛ ይደክማል። ዋናው ችግር መብራት ሲሄድ ነው። ጀነሬተሩ ይነሣል፣ ራውተሩ ይበራል፣ ላፕቶፑም ሙሉ ምልክት ያሳያል፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር ግን ገና አልተመለሰም። ዊንዶውስ ደግሞ አንዴ የያዘውን ዋይፋይ ኢንተርኔት ባይኖረውም አይለቅም፤ የስልኩ ሆትስፖት አጠገቡ ተከፍቶ እያለ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እንግዳው ሪሴፕሽን ወርዶ ይቆጣል፤ ግማሹ ጥፋት ግን የላፕቶፑ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሆቴሉን ፓስዎርድ ስታስገቡ «ኮኔክት አውቶማቲካሊ» የሚለውን ምልክት አንሡና ለስልካችሁ ሆትስፖት ብቻ ተዉት። መስመሩ ሲጠፋ ከሆቴሉ ዋይፋይ «ዲስኮኔክት» በሉ፤ ላፕቶፑ ራሱ ወደ ስልኩ ይሄዳል። በሆትስፖቱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን»ን (ዊንዶውስ ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን ቅንብር) ማብራት አትርሱ። ካልበራ ዊንዶውስ አፕዴቱን ያወርድና የገዛችሁት ፓኬጅ ሳትጠቀሙበት ያልቃል። ቅንብሩ የሚያዘው በሆትስፖቱ ስም ስለሆነ ስሙን ከቀየራችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ።

የሚስጥር ቁጥር የታተመበት ወረቀት የሚሰጡ ካፌዎችና ማረፊያዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ቁጥሩ የሚታሰረው ከላፕቶፑ የሃርድዌር አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላፕቶፑን ከሚለይበት መለያ ጋር ነው። ይህን አድራሻ በሌላ የሚተካው «ራንደም ሃርድዌር አድሬስ» በየቀኑ እንዲቀያየር ከተደረገ ትናንት የከፈላችሁበት ቁጥር ዛሬ አይሠራም። ለዚያ ኔትወርክ አጥፉት፤ ግን ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት ይሁን፣ ከገባ በኋላ ካጠፋችሁት አድራሻው ያኔም ይለወጣል። የመግቢያው ገጽ አልከፈትም ካለ ቪፒኤኑን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈውን ፕሮግራም) ዝጉ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው በእጅ የሞላውን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን አድራሻ የሚያገኘውን ሰርቨር) ወደ «አውቶማቲክ» መልሱ። ከውጭ በመጣ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይሄ ነው።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ያገለገለን ሲም ካርዱ ነው፤ ኔትወርኩ ግን እንደ መስኮቱ አቅጣጫ ይለያያል። በአንዱ ክፍል አራት የኔትወርክ ምልክት መስመር ያሳየ ስልክ፣ ገደሉን ዞሮ ባለው ክፍል አንድ መስመር ብቻ ይይዛል። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጡና በ2 ሜትር ኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት፣ ከዚያ ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን (ኢንተርኔቱን በኬብል የሚያጋራውን) አብሩ። ኬብሉ ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ላፕቶፑ ስልኩን አያየውም። በዚህ መንገድ ሲገናኝ ዊንዶውስ እንደ ኤተርኔት (የኬብል ኔትወርክ) ስለሚቆጥረው ሚተርዱን እዚያም ለብቻው አብሩ። ዋይፋይ እያለ ኬብሉ ተሰክቶ ከቀረም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው የስልኩን ዳታ ነው።

አይፎን የያዘ ሰው ላፕቶፑ ሆትስፖቱን ካላገኘለት «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ»ን ያብራ፤ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የማይዝ አሮጌ ላፕቶፕ ያኔ በ2.4 ያገኘዋል። አሜሪካ የተገዛ አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጣ የሲም ካርድ ማስገቢያ ስለሌለው፣ ሲም ካርድ ለመጠቀም ሌላ ስልክ ይዛችሁ ኑ፣ በኩባንያ ያልተቆለፈ። ሲሙን ለማስመዝገብ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ፓኬጅ በ*999# ይገዛል፣ ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል። ፓኬጁን ደብረ ብርሃን እያላችሁ ሙሉት።