ናሙናችንን «አንቀበልም» ያለን ላብራቶሪ

ሰው ስለ በርገር ቤት እንጂ ስለ ላብራቶሪ ሲጽፍ ብዙም አላየሁም። ግን ሆስፒታል የሚያስታምም ሁሉ አንድ ቀን «ካልቸር አሰሩ» መባሉ አይቀርም፤ ካልቸር ማለት ከናሙናው ጀርሙን አብቅሎ የትኛው መድሃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳይ ምርመራ ነው። ያኔ ጥሩ ላብራቶሪ በምን እንደሚለይ ማወቅ ይጠቅማል።

አባዬ ፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ካቴተር (ሽንቱን ወደ ከረጢት የሚያወጣ ቱቦ) እንደተደረገለት ትኩሳት ጀመረው። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ጠዋትና ማታ በደም ስሩ ተሰጠው፤ ትኩሳቱ ግን ፍንክች አላለም። ለባሰ ጊዜ የሚቀመጠው ውድ አንቲባዮቲክ፣ ሜሮፔኔም፣ ይጀመር ተባለ፤ ሌላዋ ዶክተር ግን «መጀመሪያ ካልቸር» ብላ አስቆመች። እግዜር ይስጣት። ሆስፒታሉ ውስጥ ካልቸር ስለማይሠራ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ የግል ላብራቶሪ ተላክን።

ናሙና ተቀባዩ ልጅ የሽንቱን እቃ ብርሃን ላይ አንስቶ አየና «እህቴ፣ ይሄ ከከረጢቱ ነው አይደል የተቀዳው?» አለኝ። ነርሷ ስትቀዳ አይቻለሁ፤ ከከረጢቱ ነው። «እንግዲያው አንቀበልም።» ያን ሁሉ ታክሲ ተጋፍቼ ሄጄ! ደሜ ፈላ። እሱ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ከረጢት ውስጥ የዋለ ሽንት የማይመለከተንን ባክቴሪያ ሁሉ ያበቅላል። የቆየ ካቴተር ግድግዳ ላይም ጀርም ይለጠፋል። ስለዚህ ካቴተሩ ይቀየር፣ ከአዲሱ ይቀዳ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ መንገድ ከዘጋ በበረዶ ይያዝ። ይህንን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ብሬን ተቀብሎ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እኔ ሙሉውን ነጥብ የሰጠሁት እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ጀርም እስኪበቅል መጠበቅ ግድ ነው፤ በአንድ ቀን እንሰጣለን የሚላችሁን አትመኑ። ልጁ «ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብሎ በመስታወቱ በኩል ሳህኑን አሳየኝ። ገለባ መሳይ ቀለም ያለው ስስ ጄሊ ላይ በየመድሃኒቱ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል። አሚካሲንና ሜሮፔኔም ዙሪያ ጀርሙ ሳይበቅል ቀርቶ ጥርት ያለ ክብ ሠርቷል። የሴፍትሪያክሶኑ ወረቀት ግን ጀርም መሃል ተውጧል። እስከ ጫፉ ድረስ በቅሎበታል። አባዬ ጠዋት ማታ ሲወስደው የነበረው ይሄንን ነው።

ጀርሙ ክሌብሲዬላ ነው። ከታች «ኢኤስቢኤል» የሚል ተጽፏል፤ ሴፍትሪያክሶንንና ዘመዶቹን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ይህን ችሎታ የሚሸከመውን ጂን ለጎረቤት ባክቴሪያ ያድላል። ሆስፒታል ውስጥ፣ አልጋ ለአልጋ በተጠጋጋበት ዋርድ፣ ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዝርዝር እነዚህን እጅግ አሳሳቢ ከሚላቸው መድሃኒት የተላመዱ ጀርሞች ጋር መድቧቸዋል።

ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ አሚካሲን አዘዘች። የድሮ መድሃኒት ነው፤ ከሜሮፔኔም ጋር በዋጋ አይገናኝም። ኩላሊትና ጆሮ ስለሚነካ ክሬአቲኒኑን (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) እየተከታተሉ ሰጡት። ትኩሳቱም ወረደ። ሜሮፔኔሙ ሳይነካ ለባሰበት ቀን ተቀመጠ። የካልቸሩን ዋጋ አልጽፍም፤ በየጊዜው ይቀየራል። ከተራ የሽንት ምርመራ ግን በደንብ ይወደዳል። ቢሆንም ሳንገዛው የቀረነው ሜሮፔኔም ብቻውን ይከፍለዋል።

ጉድለት አላቸው። እሁድ ዝግ ናቸው፤ ቅዳሜ የገባ ናሙና ማን እንደሚያየው ስጠይቅ «ተረኛ አለ» ከማለት በቀር ጥርት ያለ መልስ አላገኘሁም። ውጤቱ በቴሌግራም ይመጣል፤ ፎቶው ግን ደብዛዛ ነው። «አር» (ጀርሙ መድሃኒቱን ተላምዷል) ይሁን «ኤስ» (መድሃኒቱ ይሠራበታል) ለመለየት ዓይን ያፈርጣል፤ እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል መሳት ማለት መድሃኒት መሳት ነው። ዋናውን ወረቀት በእጃችሁ ውሰዱ። መጠበቂያው ቦታ ጠባብ ነው፣ ሽንት ቤቱን ባልናገር ይሻላል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ። በሽተኛው የጀመረው መድሃኒት ካለ ስሙንና የጀመረበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።