ጅማ ላይ እንጉዳይ ለመጀመር፦ የተዘራ ከረጢት ይሻላል ወይስ ዘሩን ብቻ መግዛት?

ጅማ ለእንጉዳይ የምትመች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። ሙቀቷ ልከኛ ነው፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥልባታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቡና ገለባ አላት። ሌላ ከተማ ያለ ጀማሪ ጭድ ፍለጋ ሲዞር እዚህ ግን ገለባው ቡና መቀሸሪያው ደጅ ላይ ተከምሮ ይታያል። ጀማሪውን የሚያስጨንቀው ምን ልግዛ የሚለው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን ለዩ። የመጀመሪያው ኦይስተር የሚባለው የእንጉዳይ ዓይነት ይሁን። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነጭ ድሩን (እንደ ሥር የሚያገለግለውን ቀጭን ክር) ይዘረጋል፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ያፈራል። ጭድ፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አይመርጥም። በጣሳ የምናውቀው ክብ ነጭ እንጉዳይ ግን ከጭድና ከዶሮ ኩስ ለሳምንታት የተብላላ ኮምፖስት ይፈልጋል፤ ላዩ አፈር ይለብሳል፤ ሲያፈራም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይወዳል። የጅማ የበጋ ቀትር ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ሺታኬ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሰጋቱራ ውስጥ ወራት ይቆያል። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ቢያቀርብላችሁ እለፉት።

የተዘራ ከረጢት

ይህ ዘሩ ገብቶበት፣ ነጩ ድር ውስጡን ሁሉ አልብሶት የሚሸጥ ነው። እናንተ ጎኑን በምላጭ ትቀድዳላችሁ፣ ዙሪያውን ውሃ ትረጫላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ትንንሽ እንቡጦች ብቅ ይላሉ። እነሱ ከወጡ በኋላ በጥቂት ቀን ለመቆረጥ ይደርሳሉ።

ዋጋው ውድ ይመስላል። ሲገዙ ግን ዋጋውን ለሚሰጠው ምርት ማካፈል ነው። 1 ኪሎ ደረቅ ገለባ ያለበት ከረጢት (ረጥቦ 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል) በሦስት የምርት ዙር ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ እንጉዳይ ይሰጣል። ስለዚህ የከረጢቱን ዋጋ በግማሽ ኪሎ ምርት አስቡት። ሻጩ ከአንዱ ከረጢት ሦስትና አራት ኪሎ ታገኛላችሁ ካላችሁ አትመኑት።

ስትገዙ ከረጢቱን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ አዙራችሁ እዩት። ነጩ ዳር እስከ ዳር እኩል መድረስ አለበት። አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሻጋታ ገብቶበታል፤ ትንሽ ናት ተብሎ አይታለፍም። ታችኛው ጥግ ላይ ቢጫ ውሃ ካቆረ ወይ አርጅቷል ወይ ሙቀት አግኝቶታል። ሽታውም ይናገራል፦ ጤነኛው እንጉዳይ እንጉዳይ ይላል፣ የተበላሸው ይኮመጥጣል። መቼ እንደተዘራ ጠይቁ። ቀኑን ከማያውቅ ሻጭ ባትገዙ ይሻላል።

ዘሩን ብቻ

ዘር የሚባለው ስንዴ ወይም ማሽላ ላይ የበቀለ ድር ነው። 1 ኪሎ ዘር ለ20 ኪሎ ያህል እርጥብ ገለባ ይበቃል፤ ማለት ሰባት ገደማ ከረጢት ይሞላል። ንጽጽሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የ1 ኪሎ ዘርን ዋጋ ከሰባት ዝግጁ ከረጢት ዋጋ አጠገብ አስቀምጡት። ከዚያ በዘሩ ወገን ማገዶውን፣ ላስቲኩንና ገለባ ያመጣላችሁን ጋሪ ደምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰባቱ ሁለቱ ሻጋታ ቢበላቸው ብላችሁም አስቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ዘሩ ቢረክስ አይገርመኝም፤ በጅማ ገለባው ርካሽ ነውና።

ችግሩ ሥራው ላይ ነው። የቡና ገለባ ካፌይንና ታኒን አለበት፤ ድሩን ያዘገዩታል። ስለዚህ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፋችሁ ጥቁሩን ውሃ ድፉት። ገለባው ለብቻው ይታመቃል፣ አየር ያጣል። ግማሽ በግማሽ ከጤፍ ጭድ ወይም ከተፈጨ ቆረቆንዳ ጋር ቀላቅሉት። ከዚያ በርሜል ውስጥ ሳይንተከተክ፣ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ይህ ሻጋታውን ያዳክማል። በደንብ ካጠፈፋችሁት በኋላ እፍኝ ሙሉ ጨብጡት፦ ጠብታ ሁለት ሦስት ቢወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ገና ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ ዘሩን ዝሩበት። ትኩስ ላይ የገባ ዘር ይሞታል። ከዚያ ጨለማ ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጣል።

የእንጨት ቤቶች ሰጋቱራም ይሆናል። ግን ከጽድ የወጣ ወይም ቀለምና ኬሚካል የነካው አይሁን።

የዘሩ ትልቁ ስጋት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። የቀትር ፀሐይ ካገኘው መኪና ሲወርድ ነጭ ቢመስልም ኃይሉ ሊሞት ይችላል። በሌሊት ወይም በማለዳ እንዲላክላችሁ ተስማሙ። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ በመጣ በሳምንት ውስጥ ዝሩት፤ ካለ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ከመግዛታችሁ በፊት ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጎራ ብላችሁ መጠየቁም አይከፋም። ቅርብ የሚገኝ ዘር ሁልጊዜ ይመረጣል።

ቤታችሁ የቱን ይችላል?

በሁለቱም መንገድ ቦታው አንድ ነው። ጓዳ ይሆናል፤ ጭስ የሚገባበት ማድ ቤት አይሆንም። መኝታ ቤት ደግሞ በጭራሽ። ኦይስተር ሲበስል ብዙ ዱቄት መሳይ ብናኝ ይረጫል፤ አስም ላለበት ሰው ከባድ ነው። ቆቡ ጠፍጣፋ ሳይሆን ቁረጡት። ግንዱ ረዝሞ ቆቡ ካነሰ አየር አንሶታልና መስኮት ክፈቱ። በክረምት እርጥበቱ ራሱ ይረዳችኋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን አየሩ ይደርቃል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መርጨት ግድ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቤት የምትገኙ ከሆነ ጅማሬውን ለዝናቡ ወራት አቆዩት።

የጾም እንጉዳይ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሦስት የተዘራ ከረጢት ይግዛ። ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ይቅደዳቸው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሦስቱን ዙር ለማንሳት ይበቃል። በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ ኦይስተር ቤተሰቡን ሁሉ ያስደስታል። ጥሬውን ግን አትብሉት፤ በደንብ ይብሰል።

ለሄርማታ ገበያ ወይም ለሆቴል ልሸጥ ያለ ሰው በዝግጁ ከረጢት አያተርፍም። እሱ ዘር ይግዛ። ግን አስቀድሞ ከአንድ ዝግጁ ከረጢት ጋር ዙሩን ይጨርስ፤ ጤነኛ ድር ምን እንደሚመስል ዓይኑ ሳይለምድ የራሱን ሰባት ከረጢት መፍረድ አይችልም። የራሱን ዘር ማባዛቱን ለጊዜው ይተወው። ያ የእንፋሎት ማምከኛና ንጹሕ ክፍል የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁለቱም ገዢ። ከከረጢቱ ከኦይስተር ሌላ መልክ ያለው ነገር ከበቀለ አትቅመሱት፣ ጣሉት። ክረምት ላይ ጫካ ውስጥ የሚገኘውንም በመልክ ብቻ ከእናንተው ጋር አመሳስላችሁ አትልቀሙ። መርዛማው ብዙ ጊዜ ከሚበላው ጋር ይመሳሰላል።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ከረጢቱ ሲቀል ገለባውን አውጥታችሁ ከፍግ ጋር አብላሉት። እንሰቱ ወይም የቡና ችግኙ ሥር ይገባል፤ ለዚህ የሚከፈል ዋጋ የለም።